ከተከዜ እስከ ጥቁር አንበሳ፦ መርዙ መድኃኒት የሆነበት ታሪክ

ይቺ ጽሑፍ ረዘም ትላለች፤ ቡናችሁን ይዛችሁ አንብቧት።

ሰሞኑን በውስጥ መስመር አንድ ዓይነት ጥያቄ ከተለያየ ሰው እየደረሰኝ ነው። "ቲቸር፣ ኬሞ ራሱ ሌላ ካንሰር ያመጣል ይባላል፤ እውነት ነው?" የሚል። ለወሬ ያህል የሚጠየቅ ጥያቄ አይደለም። ጠያቂዎቹ የታመመች እናት አለቻቸው፣ እህት አለቻቸው፣ አክስት አለቻቸው። በሀገራችን ሴቶች ላይ ከሚታዩት ካንሰሮች ሁሉ የሚበዛው የጡት ካንሰር ነው። ይህን ወሬ ሰምታ ቀጣዩን ዙር መድኃኒት ሳትወስድ ቤቷ የምትቀር ሴት ደግሞ አለች።

እኔ የታሪክ አስተማሪ ነኝ፤ መድኃኒት ማዘዝ የሐኪም ሥራ ነው። ግን ይሄ ጥያቄ ታሪክ አለው። ታሪኩ ደግሞ በእኛው ሀገር በኩል ያልፋል። መልሱን አስቀድሜ ልናገርና ወደ ታሪኩ ልግባ፦ አዎ፣ እውነትነት አለው፤ ግን ግማሽ እውነት ነው። ሌላኛውን ግማሽ ያልሰማ ሰው ነው የሚጎዳው።

ተከዜ፣ ታኅሣሥ 1928

ጊዜው ታኅሣሥ 1928 ዓ.ም. ነው (እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 1935)። የልዑል ራስ እምሩ ጦር ተከዜን ይዞ ከጣሊያን ጋር እየተዋጋ ነው። አውሮፕላን መጣ። ሰዉ ቦምብ ይፈነዳል ብሎ ሲጠብቅ የወደቀው ነገር ተሰንጥቆ ፈሳሽ ረጨ። ፈሳሹ የነካው ሰው እጁ፣ እግሩ፣ ፊቱ ተቃጥሎ ውኃ ቋጠረ። ከወንዙ የጠጡም አሉ። አብዛኛው ወታደር በባዶ እግሩ የሚሄድ ነበርና፣ መርዙ የረገፈበትን ሣር መርገጥ ብቻ ይበቃ ነበር።

ያ ፈሳሽ የሰናፍጭ ጋዝ የሚባለው ነው፤ ሌላ ስሙ ይፐሪት። ስሙን ያገኘው ከቤልጂየሟ ከተማ ከኢፕር ነው። ጀርመኖች ለመጀመሪያ ጊዜ የተጠቀሙበት እዚያ ነው፣ እ.ኤ.አ. በጁላይ 1917። ጣሊያን መርዝ ጋዝን የሚከለክለውን የ1925ቱን የጄኔቫ ስምምነት ፈርማ ነበር፤ ፈርማም ተጠቀመችበት። የቀይ መስቀሉ የስዊዘርላንድ ሐኪም ማርሴል ዡኖ ቁስለኞቹን በዓይኑ አይቷል። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ሰኔ 23 ቀን 1928 ዓ.ም. ጄኔቫ ላይ ቆመው በአማርኛ ለዓለም ተናገሩ። የጣሊያን መከላከያ ሚኒስቴር ግን ነገሩን በይፋ ያመነው እ.ኤ.አ. በ1996 ነው። ከ60 ዓመት በኋላ ማለት ነው!

ይህን ክፍል ውስጥ ያስተማርኳችሁ ታስታውሱታላችሁ። ያላስተማርኳችሁ የሚቀጥለውን ነው።

ከቁስሉ ሥር የታየው ነገር

ሰናፍጭ ጋዝ ቆዳ ብቻ አይደለም የሚያቃጥለው። ገና በ1919 አሜሪካውያን ሐኪሞች የአንደኛው ዓለም ጦርነት ተጎጂዎችን ሲመረምሩ ነጭ የደም ሕዋሳታቸው በጣም ወርዶ አገኙት። መርዙ እስከ አጥንት መቅኔ ድረስ ይገባል ማለት ነው። ደም የሚመረተው መቅኔ ውስጥ ነው፤ እዚያ ያሉት ሕዋሳት ሌት ተቀን ይባዛሉ። መርዙ በቶሎ የሚባዛውን ሕዋስ ይመታል።

ታዲያ በሰውነት ውስጥ ከልክ በላይ የሚባዛው ሕዋስ የቱ ነው? ካንሰር።

ይህን ያሰቡት በዬል ዩኒቨርሲቲ የነበሩት ሉዊስ ጉድማንና አልፍሬድ ጊልማን ናቸው። በሁለተኛው ዓለም ጦርነት ጊዜ መንግሥታቸው የመርዝ ጋዝን ነገር አጥኑ ብሏቸው ሲሠሩ፣ የጋዙን የቅርብ ዘመድ፣ ናይትሮጅን ማስተርድ የሚባለውን፣ መጀመሪያ ዕጢ ባለባት አይጥ ላይ ሞከሩት። እ.ኤ.አ. በነሐሴ 1942 ደግሞ የንፍፊት ካንሰር ለያዘውና ሌላ ተስፋ ላልነበረው ሕመምተኛ ተሰጠው። ዕጢው በቀናት ውስጥ ሟሸሸ። ከጊዜ በኋላ ግን ተመለሰ፤ ሰውየውም በዚያው ዓመት መጨረሻ አረፈ። ቢሆንም ዓለም ለመጀመሪያ ጊዜ በደም ሥር የሚገባ መድኃኒት የካንሰርን ዕጢ ሲያቀልጥ አየ። ነገሩ የጦር ምስጢር ስለነበር እስከ 1946 አልታተመም።

በመሃል ሌላ ነገር ሆነ። እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 2 ቀን 1943 ጀርመኖች የጣሊያኑን የባሪ ወደብ በቦምብ ደበደቡት። ወደቡ ያኔ በአሜሪካና በእንግሊዝ እጅ ነው። ከተመቱት መርከቦች አንዱ፣ ጆን ሃርቪ የሚባለው፣ 2,000 የሰናፍጭ ጋዝ ቦምብ በምስጢር ጭኖ ነበር። ከ600 በላይ ሰው ተመርዞ ሆስፒታል ገባ፤ ከ80 በላዩ ሞተ። ሐኪሞቹ ምን እንደሚያክሙ እንኳ አያውቁም ነበር። ስቱዋርት አሌክሳንደር የሚባል አሜሪካዊ ሐኪም መጥቶ ምስጢሩን አወጣው። የእሱ ሪፖርትም ያንኑ መሰከረ፤ ነጭ የደም ሕዋሳት ረግፈዋል።

እስኪ ልብ በሉ። ተከዜ ላይ የወረደው መርዝ በስምንተኛው ዓመት ጣሊያን ምድር ላይ ፈሰሰ። ዛሬ ኬሞ የምንለው ነገር የተወለደው ከዚህ ዘር ነው።

የተባረረችው አስተማሪ

አሁን ወደ ጥያቄያችን ሥር እንምጣ። ይህን ሰው እወደዋለሁ፤ አስተማሪ ስለነበረች ነው መሰለኝ።

ሻርሎት አወርባክ በርሊን ውስጥ የሁለተኛ ደረጃ የባዮሎጂ መምህርት ነበረች። እ.ኤ.አ. በ1933 ናዚዎች ሥልጣን ሲይዙ አይሁዳዊት በመሆኗ ከትምህርት ቤት አባረሯት። ወደ ስኮትላንድ፣ ኤድንብራ ተሰደደች። እዚያ ከፋርማኮሎጂ ተመራማሪው ከሮብሰን ጋር ሰናፍጭ ጋዝን በፍራፍሬ ዝንቦች ላይ መሞከር ጀመረች። ሥራው እጇን አቃጥሏታል። በ1941 ግን አንድ ትልቅ ነገር አገኘች፦ ጋዙ የዝንቦቹን ዘር፣ ከወላጅ ወደ ልጅ የሚተላለፈውን ጽሑፍ፣ ይለውጠዋል። ኬሚካል ይህን ማድረግ እንደሚችል በግልጽ ካሳዩት የመጀመሪያዎቹ ሰዎች አንዷ ሆነች። ይህም ምስጢር ነበርና የታተመው ከጦርነቱ በኋላ ነው።

ይሄ ለእኛ ምን ማለት ነው? የዚህ ዘር መድኃኒት ሕዋሱ ውስጥ ገብቶ ዲኤንኤ ላይ ይለጠፋል። አብዛኛው ሕዋስ መባዛት ያቅተውና ይሞታል፤ ካንሰሩ የሚጠፋው በዚህ ነው። አልፎ አልፎ ግን አንድ ጤነኛ የመቅኔ ሕዋስ ተጎድቶ ሳይሞት ይቀራል። ጽሑፉ እንደተበላሸ መባዛቱን ይቀጥላል። ከዓመታት በኋላ ያ ሕዋስ የደም ካንሰር ሊሆን ይችላል።

ስለዚህ የሚያድነውና የሚጎዳው አንዱ ባሕርይ ነው። ለዚህ እኛ ባዕድ አይደለንም። ኮሶ የጠጡ አያቶቻችን ያውቁታል። ኮሶ ትሉን የሚጥለው መርዝ ስለሆነ ነው፤ ልኩን ያለፈ ደግሞ ጠጪውንም ይጥላል። ቁም ነገሩ ልኩ ላይ ነው።

ሚላኖ

ከጦርነቱ በኋላ ኬሚስቶች መርዙን እያለዘቡ ሄዱ። በ1950ዎቹ መጨረሻ ጀርመን ውስጥ ሳይክሎፎስፋማይድ ተሠራ፤ የናይትሮጅን ማስተርድ የልጅ ልጅ በሉት። ዛሬ ለጡት ካንሰር በሀገራችን በሰፊው ከሚሰጡት መድኃኒቶች አንዱ ይኸው ነው።

ከዚያ በፊት የጡት ካንሰር ሕክምና ማለት በዋናነት ቢላ ነበር። አሜሪካዊው ሃልስቴድ ከ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ጀምሮ ያስፋፋው ቀዶ ጥገና ጡቱንም፣ የደረት ጡንቻውንም፣ የብብት ዕጢዎቹንም አንድ ላይ ያነሳል። ያም ሆኖ ብዙ ሴቶች ላይ ካንሰሩ ይመለስ ነበር፤ ገና ከቢላው በፊት በደም ተበትኖ ስለሚሆን።

በ1976 ጂያኒ ቦናዶና የሚባል ጣሊያናዊ ሐኪም ሚላኖ ላይ ያደረገውን ጥናት አሳተመ። ካንሰሩ ብብታቸው የደረሰ 386 ሴቶች ነበሩ። 179ኙ ቀዶ ጥገና ብቻ፣ 207ቱ ከቀዶ ጥገናው በኋላ ሳይክሎፎስፋማይድ ያለበትን የሦስት መድኃኒት ቅልቅል ወሰዱ። ከሁለት ዓመት ትንሽ አለፍ ብሎ ሲታይ ካንሰሩ የተመለሰባቸው፣ መድኃኒት ካልወሰዱት 24 ከመቶ፣ ከወሰዱት 5.3 ከመቶ ነበር። ልዩነቱን እዩት!

ጣሊያን ተከዜ ላይ ያወረደችው መርዝ ዘመድ፣ በ40 ዓመቱ በጣሊያናዊ ሐኪም እጅ የሴቶችን ነፍስ የሚያተርፍ ሆነ። ይሄ በደሉን አይሰርዘውም። በደል በደል ነው። ግን የአንዲት ኢትዮጵያዊት እናት ደም ሥር ውስጥ የሚገባው ጠብታ ይህን ሁሉ መንገድ ተጉዞ የመጣ ነው።

ሒሳቡ ሲመጣ

አሁን ወደ ሁለተኛው ካንሰር። ሐኪሞቹ ነገሩን ደብቀውት አያውቁም፤ ቆጥረውታል።

በ1970ዎቹ አሜሪካ ውስጥ በርናርድ ፊሸርና ባልደረቦቹ ለጡት ካንሰር ሜልፋላን የተባለ ሌላ የዚያው ዘር መድኃኒት ይሰጡ ነበር። በ1985 ራሳቸው ፊሸርና ቡድናቸው ቆጥረው አሳተሙ፦ በዚህ ሕክምና ካለፉት ሴቶች በ10 ዓመት ውስጥ የደም ካንሰር የሚይዛቸው ከ100 ሁለት አይሞሉም፤ ግን ካልወሰዱት ይበልጣሉ። በ1992 ደግሞ ከ82,000 በላይ የጡት ካንሰር ታማሚዎችን የተከታተለ ጥናት ወጣ። ሜልፋላን ከሳይክሎፎስፋማይድ በ10 እጥፍ ገደማ የከፋ መሆኑን አሳየ። ሐኪሞችም ሜልፋላንን ከጡት ካንሰር ሕክምና አስወጡት።

በሳይክሎፎስፋማይድስ? በዚያው ጥናት ስሌት 10,000 ሴቶች ለስድስት ወር ቢታከሙና 10 ዓመት ብንከታተላቸው፣ በመድኃኒቱ ምክንያት በተጨማሪ የደም ካንሰር የሚይዛቸው 5 ያህል ናቸው። ከ10,000 አምስት! አሁን ይህን ከቦናዶና ቁጥር ጋር ጎን ለጎን አስቀምጡት። አንዱ የሚቆጠረው ከመቶ ነው፣ ሌላው ከአሥር ሺህ።

ከሳይክሎፎስፋማይድ ጋር አብሮ የሚሰጥ ቀይ መድኃኒት አለ፤ ዶክሶሩቢሲን። የመጀመሪያ የንግድ ስሙ አድሪያማይሲን ከአድሪያቲክ ባሕር የመጣ ነው። ምንጩ ደቡብ ጣሊያን ውስጥ ካስቴል ዴል ሞንቴ አካባቢ ከተወሰደ አፈር የተገኘ ረቂቅ ሕዋስ ነው፤ ቦታው ከባሪ ወደብ ሩቅ አይደለም። እሱም አልፎ አልፎ የደም ካንሰር ያስከትላል፤ ሲመጣም ቶሎ ነው፣ ከአንድ እስከ ሦስት ዓመት። የሳይክሎፎስፋማይድ ዘር ግን ብዙውን ጊዜ ከአምስት እስከ ሰባት ዓመት ይቆያል። መጠኑ ሲጨምር አደጋውም ይጨምራል።

ጨረሩስ?

ሮንትገን ኤክስሬይን ያገኘው በኖቬምበር 1895 ነው። ዓመት ሳይሞላ ሰዎች ካንሰርን በጨረር ለማከም መሞከር ጀመሩ። ልኩን ግን ማንም አያውቅም። የኤዲሰን ረዳት የነበረው ክላረንስ ዳሊ እጆቹን በጨረር አበላሽቶ፣ ተቆርጠውም ሳይድን፣ በ1904 ሞተ። ኤዲሰንም የኤክስሬይ ሥራውን ተወ። ሃምቡርግ ከተማ ውስጥ በ1936 በጨረርና በራዲየም ሥራ ለሞቱ ሰዎች ሐውልት ቆመ፤ ሲመረቅ 169 ስም ነበረበት። እኛ በጋዝ በምንቃጠልበት በዚያው ዓመት መሆኑ ነው።

ዛሬ ጨረር የሚሰጠው በልክ ተሰልቶ ነው። ፊሸር በ1985 እንዳሳየው ዕጢው ብቻ ወጥቶ ጨረር የተሰጣት ሴት፣ ሙሉ ጡቷ ከተነሳው እኩል ዕድሜ ትኖራለች። ጡቷን ይዛ የመኖር ዕድል የሰጣት ጨረሩ ነው ማለት ነው።

ጣጣው ደግሞ ይኸው፦ ጨረሩ አጠገቡ ያለውን ሳንባና ጉሮሮ ትንሽ ይነካል። በ2017 የወጣ ሰፊ ትንታኔ እንደሚለው፣ በዘመናዊ ጨረር ምክንያት የሚመጣው ተጨማሪ የሳንባ ካንሰር አደጋ ለማታጨስ ሴት ከ1,000 ሦስት ገደማ ነው። ለረጅም ጊዜ አጭሳ ማጨሷን ለቀጠለች ግን ከ100 አራት ገደማ ይደርሳል። ስለዚህ የምታጨስ ታካሚ ካለች፣ ራሷን ከሁለተኛ ካንሰር ለመጠበቅ የምታደርገው ትልቁ ነገር ሲጋራውን መጣል ነው። ሺሻውንም ጭምር።

ሌላው፣ እጅግ አልፎ አልፎ የሚታይ የደም ሥር ካንሰር አለ፤ ጨረር በተሰጠው ቆዳ ላይ ወይም ለዓመታት ባበጠ ክንድ ላይ ይወጣል። በ1948 ስቱዋርትና ትሬቭስ የተባሉ ሐኪሞች ከጡት ቀዶ ጥገና በኋላ ክንዳቸው ለረጅም ጊዜ ያበጠባቸውን ስድስት ሴቶች ጉዳይ ጽፈው አስታወቁ። በባለሙያ እጅ የክንድ እብጠት መታከም አለበት የሚባለው ለመልክ ብቻ አይደለም።

ታሞክሲፈን

ብዙ እናቶች ለዓመታት የሚውጡት ክኒን ነው። አመጣጡ ያስቃል፤ በ1960ዎቹ እንግሊዝ ውስጥ ሲሠራ የእርግዝና መከላከያ እንዲሆን ታስቦ ነበር። ለዚያ አልሆነም፤ እንዲያውም እንቁላል እንዲለቀቅ ያግዛል። የጡት ካንሰርን ግን ያዘው። ሆርሞን ለሚቀበል የጡት ካንሰር አምስት ዓመት የወሰዱት ሴቶች በካንሰሩ የመሞት ዕድላቸው በሲሶ ገደማ ይቀንሳል።

ጣጣው የማህፀን ካንሰር ነው። በ1998 በወጣው ትልቅ የአሜሪካ ጥናት፣ ክኒኑን ካልወሰዱ 1,000 ሴቶች በዓመት አንድ ገደማ፣ ከወሰዱት ደግሞ ሁለት ገደማ የማህፀን ካንሰር ይዟቸዋል። ጭማሪው በተለይ ከ50 ዓመት በላይ በሆኑት ላይ ነው፤ አብዛኛውም ገና በመጀመሪያ ደረጃው የተገኘ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ክፍል በ1996 ታሞክሲፈንን ካንሰር አምጪ ከሚላቸው ዝርዝር ውስጥ አስገባው፤ በዚያው ሰነድ ላይ ግን የሌላኛውን ጡት ካንሰር እንደሚከላከልም ጻፈ። ወሬው የሚያወራላችሁ የመጀመሪያውን ዐረፍተ ነገር ብቻ ነው።

እንግዲህ ምን እንበል?

አንደኛ፦ ከካንሰር ከዳነ በኋላ የሚመጣ ሁለተኛ ካንሰር ሁሉ የሕክምናው ጥፋት አይደለም። በ2011 የታተመ አንድ ትልቅ የአሜሪካ ጥናት፣ ጨረር ከታከሙ አዋቂዎች ላይ በኋላ ከታዩት ካንሰሮች ለጨረሩ የሚሰጠው ድርሻ 8 ከመቶ ገደማ መሆኑን አሳይቷል። የቀረው የዕድሜ፣ የዘር፣ የአኗኗር ነው። ለምሳሌ ብራካ የሚባለውን የዘር ለውጥ ከወላጅ የወረሰች ሴት፣ ታከመችም አልታከመችም፣ ሌላኛው ጡቷና እንቁላል እጢዋ አደጋ ላይ ናቸው።

ሁለተኛ፦ በእኛ ሀገር ገዳዩ የመጀመሪያው ካንሰር ነው። ብዙዎቹ እህቶቻችን ሆስፒታል የሚደርሱት ካንሰሩ ከተስፋፋ በኋላ ነው። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ይባላል። ለረጅም ዓመታት በሀገሪቱ የጨረር ሕክምና የነበረው ጥቁር አንበሳ ብቻ ነበር፤ ሰው ወረፋ ሲጠብቅ በሽታው አይጠብቅም። ከአሥር ዓመት በኋላ ሊመጣ የሚችለውን ትንሽ አደጋ ፈርቶ፣ ዛሬ በር ላይ ለቆመው በር መክፈት ልክ አይደለም። ጠበል የሚሄድ ይሂድ፤ የሚጸልይ ይጸልይ፤ የሚያስቀራ ያስቀራ። መድኃኒቱን ግን ሳያቋርጥ።

ሦስተኛ፦ የታከመች እናት፣ እህት ወይም አክስት ያለው ሰው እነዚህን በቃል ይያዝ፦

– ኬሞ ከጨረሰች ከዓመታት በኋላ ምክንያቱ ያልታወቀ ድካም፣ ሳይመታት ሰውነቷ ላይ የሚወጣ ሰማያዊ ምልክት፣ የድድ መድማት ወይም የሚመላለስ ትኩሳት ካለ የደም ምርመራ ያስፈልጋታል።
– ታሞክሲፈን የምትወስድ ሴት የወር አበባ ካቆመች በኋላ ደም ካየች፣ ትንሽም ብትሆን፣ "ያልፋል" አይባልም።
– ጨረር የተሰጠው ቆዳ ወይም ያበጠ ክንድ ላይ የማይለቅ ቀይ ወይም ወይን ጠጅ ምልክት ከወጣ ለሐኪም ይታይ። የማይለቅ ሳልም እንዲሁ።
– ሌላኛውን ጡት መከታተል አይቋረጥ።
– የሕክምና ወረቀቶቿን አንድ ቦታ አስቀምጡ። የመድኃኒቱ ስም፣ ስንት ዙር እንደወሰደች፣ ጨረሩ የት እንደተሰጠ። ከአሥር ዓመት በኋላ የሚያያት ሐኪም መጀመሪያ የሚጠይቀው ይህን ነው።

ስለ ወረቀት ካነሳሁ አይቀር፣ እንደ ታሪክ አስተማሪ አንድ ነገር ልበልና ላብቃ። ከላይ ከጻፍኳቸው ቁጥሮች ብዙዎቹ የተገኙት የታከሙ ሴቶች ለዓመታት እየተመላለሱ በመመዝገባቸው ነው። ጃፓን ውስጥ ኦኩኖሺማ ደሴት ላይ ሰናፍጭ ጋዝ ያመርቱ የነበሩ ሠራተኞች ተከታትለው ተመዝግበው የሳንባ ካንሰር እንደበዛባቸው ታወቀ። ከተከዜ የተረፉት የእኛ ሰዎች ግን ከጦርነቱ በኋላ ምን እንደያዛቸው በየትኛውም የካንሰር መዝገብ ላይ የለም፤ መዝገቡ ራሱ አልነበረምና። የአዲስ አበባ የካንሰር መዝገብ ሥራ የጀመረው እ.ኤ.አ. በ2011 ነው።

ስለዚህ ሕክምናዋን ጨርሳ ለክትትል የምትሄድ ሴት ለራሷ ብቻ አይደለም የምትሄደው። ከእሷ በኋላ ለምትታከመው ሴት ልኩን እያስተካከለችላት ነው። ሜልፋላን የቀረው በዚህ መንገድ ነው።

ይህ ጽሑፍ የሚጠቅመው ሰው ካወቃችሁ ላኩለት። በተለይ ቀጠሮዋን ልትተው እያመነታች ላለች። ጥያቄ ያለው ኮሜንት ላይ ይጻፍ፤ ሐኪም የሆናችሁ የቀድሞ ተማሪዎቼም ገብታችሁ አግዙኝ። ለታመሙት ሁሉ ምሕረትን ያምጣልን።